የፀሐይ ሊቃውንትና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ

ፀሐይን የሚያጠኑ ሰዎች ፀሐይ እንድትመታቸው አይወዱም። ይህን የተረዳሁት ከአዲስ አበባ የመጡትን ሊቃውንት ይዤ ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ የወጣሁ ቀን ነው። ከመኪናው እንደ ወረዱ መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥላ ያለበት ቦታ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ፀሐይ ሲጽፉ የኖሩት ፕሮፌሰር ባርኔጣ ረስተው ስለ መጡ የስብሰባ ቦርሳቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው ቆሙ። ቦርሳው ላይ አንዲት ቢጫ ፀሐይ ታትማለች። ሊቃውንቱ ለመሣሪያቸው የሚሆን ሜዳ ሲመርጡ እኔ እሷን እያየሁ ሳቄን እይዝ ነበር።

ያኔ ደሴ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ቤቴ ግን ኮምቦልቻ ነው። ጧት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ ማታ ተመልሼ እወርዳለሁ። ኮምቦልቻ ላይ በክንዴ ይዤው ደሴ ስንደርስ የምደርበው ሹራብ ስለ ነበረኝ ረዳቶቹ ሁሉ «ባለ ሹራቧ» ይሉኝ ነበር። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። መምህሩ ይገመገማል፣ ገበሬው ይገመገማል፣ የኮሌጁ የጽዳት ሠራተኞችም አንድ ለአምስት ተደራጅተው መጥረጊያቸውን ይገመግማሉ። ልማት የሚል ቃል ያልገባበት ዕቅድ አይጸድቅም ነበርና እኔም የትምህርት ዕቅዴ ላይ «ልማታዊ ብርሃን» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም።

ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር። ፀሐይ የምትልክልን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ያዘለ ብናኝም ሳታቋርጥ ትተፋለች። ያ ብናኝ በምድር ዙሪያ ያለውን ህዋ ሲያናውጠው ሳተላይቱም፣ ሬድዮውም፣ አውሮፕላን አቅጣጫውን የሚያውቅበት መሣሪያም ይታወካል። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ከየአገሩ ተሰባስበው አንድ ማኅበረሰብ ሆነዋል፤ በየቦታው መሣሪያ ይተክላሉ፣ መረጃ ይለዋወጣሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጥሩ ሆቴል ባለበት ከተማ ተገናኝተው ይከራከራሉ። የእኛ አገር በዚህ ነገር ዕድለኛ ናት። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ፣ ከደመናው እጅግ ርቆ፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። እሱን ከሥሩ ሆኖ ለመከታተል የእኛን ያህል የተመቸ ቦታ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። ይህን መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስነግር አንዱ፣ ታዲያ ከዚያ ለምን አይቀጥሉልንም ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ።

እኔ ግን ነገሩን ከልቤ ወደድሁት። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲያቃስት ሌላው ተሳፋሪ መንገዱን እያየ ይጸልያል፤ እኔ ሰማዩን እያየሁ፣ ይኸኔ እኮ እየፈሰሰ ነው እላለሁ። ፕሮፌሰሩም እኛ ዘንድ የሚተከለው መሣሪያ ለአንድ ዓመት ንጹሕ መረጃ ከሰጠ የዶክትሬት ተማሪያቸው አድርገው እንደሚወስዱኝ ቃል ገቡልኝ። ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

መሣሪያው ማግኔቶሜትር ይባላል። የምድር የማግኔት ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የሚለካ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር፣ በቁመቱ ክንድ የማይሞላ ዕቃ ነው። ጠባዩ የቅምጥል ልጅ ነው፤ ብረት አይወድም። መኪና አጠገቡ ካለፈ ይደነግጣል፣ ዶማ የያዘ ሰው ሲጠጋው ይረበሻል። ስለዚህ ቦታ ስንፈልግለት ከረምን። ኮምቦልቻ ፋብሪካውና ከባድ መኪናው አላስቀመጠንም። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ብንተክለውማ የፀሐይን ትተን የቆርቆሮ ነጋዴውን ገበያ ስንመዘግብ እንውል ነበር። በመጨረሻ ከኩታበር መንገድ ገባ ብሎ መኪና የማይደርስበት የወል ሜዳ ተገኘ።

መሣሪያው ሚስማር ያልነካው ጎጆ ያስፈልገዋል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ማሰሪያው ልጥ፣ ክዳኑ ሣር መሆን አለበት። ጥያቄውን ለኮሌጁ የግዥ ኃላፊ ሳቀርብ ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው። መንግሥት ሕዝቡን ከሣር ቤት ለማውጣት ሲለፋ ኮሌጅ እንዴት ሣር ቤት ይሠራል አለኝ። ለፀሐይ ጥናት ነው ስለው፣ ፀሐይማ ለቆርቆሮም ትወጣለች ብሎ መለሰልኝ። ስለምነው ሰንብቼ እሺ አለ፤ ግን ከሦስት ነጋዴዎች የሣር ዋጋ ፕሮፎርማ ከነማኅተሙ እንዳመጣ አዘዘኝ። ማኅተም ያለው የሣር ነጋዴ ፍለጋ ሰኞ ገበያን ላይ ታች አልሁት። ሣር ተሸክመው የሚሸጡት ሴቶች ማኅተም የላቸውም፤ ማኅተም ያላቸው ነጋዴዎች ሣር የላቸውም። የኋላ ኋላ ጨረታውን ያሸነፈው አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው። የሣር ሸክሙ ከደረሰኙ ጋር ኮሌጁ ግቢ ሲገባ ንብረት ክፍሉ በእርሳስና በክላሰር መካከል መዝግቦ ተረከበው።

ጎጆው ተሠርቶ መሣሪያው ሲቀበር ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። ከሜዳው ወደ ታች ግን አንድ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ እስላም ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸው ዓረብ አገርና አዲስ አበባ ስለ ተበተኑ ከሚስታቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። የቤታቸው ክዳን ሣር ነው፤ ሣሩ አርጅቶ ጠቁሯል። አንድ በሬያቸውን ሸጠው ቆርቆሮ ገዝተዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ሊመቱት አስበዋል። ፕሮፌሰሩ ከጎጇችን በር ላይ ቆመው ቤቱን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ይህ ቤት ቆርቆሮ እንዳይለብስ አሉ። መመሪያው በመሣሪያው ዙሪያ ብረት አይኑር ይላል። የሚያስቸግረን የሚንቀሳቀስ ብረት ነው፣ ከተመታ በኋላ ከቦታው የማይነቃነቅ ጣሪያ በዚያ ርቀት ምንም አያደርገንም ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው መመሪያ መመሪያ ነው አሉኝ። ከዚያም ገበሬውን ሄጄ እንዳስረዳ ላኩኝ፤ የአገሩን ቋንቋ ታውቂያለሽ ብለው። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የምንነጋገር ይመስል።

ሽማግሌው በአክብሮት ተቀብለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ሚስታቸው ከምድጃው ወዲያ ጋቢ ተከናንበው ያስላሉ። ወለሉ ላይ ሳፋው፣ ጀሪካኑ፣ የተሰነጠቀው ባልዲ ሁሉ በየቦታው ተቀምጧል፤ በልጉ ገና ማባራቱ ነበርና ማን ከየትኛው ቀዳዳ ሥር እንደሚቆም ተለይቶ ያበቃ ነው። ቆርቆሮው ግድግዳ ተደግፎ ጆንያ ለብሶ ቆሟል። የተላክሁበትን ነገር እያፈርሁ ተናገርሁ። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ብናኙ፣ ስለ መሣሪያው ጠባይ ነገርኋቸው። አንድ ዓመት ብቻ ይታገሡን አልኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቀበሌ ቆርቆሮ ኻልመታህ ኋላ ቀር ነህ ይለኛል። እናንተ ደሞ ኸመታህ ፀሐይቱን ታስቸግራለህ ትሉኛላችሁ። እኔ የማንን ልስማ?»

ለአገር ይጠቅማል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይጠቅማል አልሁ፤ ይህን ደግሞ አምንበት ነበር። እንግዲያ ይሁን፣ አንዱን ክረምት አላህ ያሳልፈናል ብለው መረቁኝ። ሚስታቸውን ማንም አልጠየቃቸውም።

ስለ ትብብራቸው ከፕሮፌሰሩ አንድ ቲሸርትና አንድ ኮፍያ ተላከላቸው፤ ሁለቱም ላይ ያችው ቢጫ ፀሐይ አለች። እኔም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቆርቆሮው እኮ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፣ መሣሪያውም እስካሁን አላጉረመረመም፣ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ምን ይሆናል አልሁት። ግድግዳ ተደግፎ ይቁም እንጂ ጣሪያ ላይ አይውጣ አለኝ። ሰውየው የፊዚክስ ማስተርስ ነበረው። እንዲያ ከሆነ ያ ሁሉ ብረት ሊከለከል የሚችለው ከአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ዝናብ ከመከላከል።

ክረምቱ ገባ። የደሴ አካባቢ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገድ ላይ ይተኛል፣ ዝናቡ ጧት የጀመረውን ማታም አይጨርሰውም። መረጃ ለመቅዳት በወጣሁ ቁጥር ወደ ሽማግሌው ቤት ጎራ እል ነበር። አልጋቸው ሁልጊዜ ሌላ ጥግ ላይ ነው የሚጠብቀኝ፤ ቀዳዳውን እየሸሸ ቤቱን ይዞረዋል። ቲሸርቱን ሚስታቸው ራሳቸው ላይ ጠምጥመውታል። የእኔ መሣሪያ ደግሞ ከዚያ ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በአዲስ ሣር ክዳን ሥር፣ በደረቅ ጎጆ ውስጥ ደልቶት ይሠራል። የሚስለው መስመር ንጹሕ ነው። ጧት ጧት ያ ጅረት ከሰማይ በላይ ሲነቃ፣ ቀትር ላይ ሲያይል፣ ሲመሽ ሲያንቀላፋ አየዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ ደስታዬ ደግሞ ያናድደኛል።

የቀበሌው ግምገማ ሲደርስ ሽማግሌው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተመደቡ። ሞዴል አርሶ አደር ለመባል መጸዳጃ ቤት፣ የማዳበሪያ ጉድጓድና ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ሁለቱን አሟልተዋል። ስለ ቆርቆሮው ሲጠየቁ ተነሥተው፣ ፀሐይ የሚያጠኑ ሰዎች ከልክለውኝ ነው ቢሉ ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ለሁሉም ነገር ምክንያት አገኘ። ለመንገድ ሥራ ያልወጣውም፣ መዋጮ ያልሰጠውም፣ ለስብሰባ የቀረውም ፀሐይ ከልክላው ሆነ። እኔን ሲያዩኝ ልጆቹ ሳይቀሩ የሚሣለቁብኝ ነገር አገኙ። ያ አልከፋኝም፤ እውነታቸውን ነው።

የከፋኝ የሚስታቸው ሳል ነው። መስከረም ሳይጠባ ደሴ ሆስፒታል ተኙ። ልጠይቃቸው ስገባ ሐኪሙ ለሽማግሌው ደረታቸው መጎዳቱን፣ ከእንግዲህ ብርድና እርጥበት እንዳይነካቸው መጠንቀቅ እንዳለባቸው ይነግራቸው ነበር። ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት አይችሉም አላቸው። ሽማግሌው ኢንሻአላህ እያሉ በትሕትና ያዳምጣሉ። ወጥቼ ወደ ኮሌጁ ሄድሁና ለክፍሉ ኃላፊ ነገርሁት። በጣም አዘነ። ጉዳዩን ለቀጣዩ ዓመታዊ ስብሰባ በአጀንዳ እናስይዘዋለን አለኝ።

ሴትዮዋ በበጋው ተሽሏቸው ቤታቸው ገቡ። እኛም ምረቃ መጣብን። መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ወራት ቢያልፉትም ሳይመረቅ የሚሠራ ነገር በዚያ ዘመን እንደ ሕገወጥ ይታይ ነበር። ከዞን ትልልቅ ሰዎች ካሜራ አስከትለው እንደሚመጡ ሲሰማ ኮሌጁ ተሸበረ። በቴሌቪዥን ፊት ሣር ጎጆ እንዴት ይመረቃል? ዐርብ መረጃ ቀድቼ ስመለስ ጎጆው ሜዳው ላይ ብቻውን ነበር። ሰኞ ስወጣ ዙሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ታጥሯል። መግቢያው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር ቆሟል። ከበሩ ጎን በብረት ምሰሶ ላይ ትልቅ የብረት ሰሌዳ ተተክሎ፣ በቀይ ቀለም «ብረት ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል።

እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። በኋላ የመጣው የክፍሉ ኃላፊ ሥራው እንዴት እንዳማረ እያሳየ ከጫፍ ጫፍ አዞረኝ። መሣሪያውን ያከበሩት መስሏቸው ነው ያነቁት። ቆርቆሮ ክብር ነው፤ ክብር ያለው ነገር ሁሉ በቆርቆሮ ይታጠራል። ከእንግዲህ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መሣሪያው ፀሐይ የተንቀጠቀጠች ይመስለዋል ስለው፣ ዘበኛው ቀስ ብሎ እንዲከፍተው እንነግረዋለን አለኝ።

የምረቃው ዕለት የእንግዶቹ መኪኖች ለመኪና በተጠረገላቸው አዲስ መንገድ መጥተው ጎጆውን ከበው ቆሙ። የግብርናው ኃላፊ ይህ መሣሪያ የህዋን አየር ጠባይ ያውቃል ተብሎ ስለ ተነገረው ከእንግዲህ በልጉ መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ እንደሚነግራቸው ለተሰበሰበው ገበሬ አበሠረ። ገበሬው አጨበጨበ። ፕሮፌሰሩ አላረሙትም። ሪባኑን ቆረጡ፣ ስለ አካባቢው አስተዳደር ትብብር አመሰገኑ። ቀረብ ብዬ ስለ አጥሩ ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ የበላይ አካል ሥራ ነው፣ አንነካካውም አሉኝ። ሽማግሌውም የሕዝብ ተወካይ ተብለው ኮፍያውን አድርገው መጥተው ነበር። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አዩት። የሳቸውን ቤት ከድኖ የሚተርፍ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝና ኮፍያውን አውልቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የሊቃውንቱ ዓመታዊ ስብሰባ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ተደረገ። ቦርሳ ታደለ፣ ውሎ አበል ተፈረመ፣ ሻይ ተጠጣ። ከሰዓት በኋላ የእኛ ክፍል ኃላፊ ተነሥቶ የጣቢያችንን መረጃ በግድግዳው ላይ አሳየ። አንድ ቀን መስመሩ እንደ እብድ ይዘላል፤ በዚያ ቀን በሌላ አገር ያለ አንድም ጣቢያ ምንም አልተሰማውም። ድምፁ በደስታ እየተንቀጠቀጠ፣ ይህ በዓለም ያልታየ አካባቢያዊ የማግኔት ማዕበል ነው አለ። አዳራሹ ተነቃቃ። አንዱ ከተራራው አቀማመጥ ጋር ይያያዛል አለ። ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ ምልክት እንዳይሆን ሰጋ። ፕሮፌሰሩ ጉዳዩ ራሱን የቻለ የምርምር ጽሑፍ ይገባዋል አሉ። እኔ የቀኑን ቁጥር እንዳየሁ አውቄዋለሁ። ሌላ ሰው ይናገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ በምረቃው ላይ ያልነበረ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ነው። ማንም ስላልተናገረ እጄን አወጣሁ።

«ያ ቀን ጣቢያው የተመረቀበት ቀን ነው። ማዕበሉ የክቡራን እንግዶች መኪና ነው።»

ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። ሌላው ሁሉ ውሃ መጠጣት ጀመረ። ከተነሣሁ ወዲያ አልቀመጥም ብዬ የሽማግሌውን ነገር አነሣሁ። ቆርቆሮው ቤታቸው ውስጥ መሆኑን፣ መሣሪያው አንድም ቀን እንዳልተሰማው፣ ሴትዮዋ ደረታቸው እንደ ታመመ፣ ሰማዩም እየጠቆረ መሆኑን ተናገርሁ። ኮሚቴ ተቋቁሞ ከሻይ በኋላ ውሳኔው ተነበበ። አጥሩ በበላይ አካል የተመረቀ ስለሆነ ሊነሣ አይችልም። አጥሩ ሊነሣ ካልቻለ በአካባቢው ተጨማሪ ብረት መፍቀድ ችግሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ የገበሬው ቤት ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ ተወስኗል። ጥናቱ መቼ እንደሚጠናቀቅ አልተጻፈም፤ ፀሐይ መቼም አታልቅም። አጨበጨቡና ወደ እራት ሄዱ።

እራት ላይ ፕሮፌሰሩ ሰሐናቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም። እንዲያውም ደግ ነበሩ። የመናገር ድፍረቴን እንደሚወዱት፣ ግን ሳይንስ ትዕግሥት እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ሽማግሌውን አንድ ክረምት ብቻ ካስታገሥሁላቸው መስከረም ላይ እንደሚያስመዘግቡኝም ገለጹልኝ። ሰሐናቸው ላይ ያለውን ዓሣ እየፈለፈሉ ነበር የሚናገሩት። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

በነጋታው ከደሴ አልፌ ወጣሁ። ደመናው ሜዳው ላይ ተኝቷል። ሽማግሌው በረት ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ፣ ተፈቅዷል፣ ዛሬውኑ ይምቱት አልኋቸው። የያዙትን እንጨት አስቀምጠው ፊቴን ተመለከቱ።

«የፈቀዱት እነሱ ናቸው፣ ወይስ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እኔም ተምሬያለሁ።»

«አንቺንስ አያስቀይሙሽም?»

ያስቀይሙኛል አልኋቸው። አብሽሪ፣ አላህ ይካስሽ ብለው ጎረቤት ለመጥራት ወጡ። ከሰዓት በፊት ደቦው ሞላ። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ወገን መጡ፤ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሚስማር ከሚመቱት አንዱ ቄስ ነበሩ። ከሥር ሆነው ቆርቆሮ የሚያቀብሏቸው ሰው፣ አባ፣ ፀሐይ እንዳትከለክለን ቶሎ በሉ እያሉ ያስቁ ነበር። እኔ ጎጆው ውስጥ መስመሩን እየተመለከትሁ ተቀመጥሁ። ቆርቆሮው ከቤት ወጥቶ ጣሪያ ላይ እስኪደርስ ለዓይን የማይሞላ ትንሽ መርገብገብ ታየ። ሥራው ሲያልቅ መስመሩ እንደ ወትሮው ሆነ። ፀሐይ ምንም አልተሰማትም። ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው ለምሳ ሲወጣ የብረቱን በር ከፈተ፤ ያኔ መስመሩ ዘለለ።

የሆነው እንደ ጠበቅሁት ነው። መረጃው ለምርምር አይበቃም ተባለ። በሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ «የአካባቢው ነዋሪዎች የቆርቆሮ አጠቃቀም» ተብሎ ተጻፈ፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ በሩ፣ ስለ መኪኖቹ አንድም ቃል የለም። መሣሪያው ተቆፍሮ ወጣና የተሻለ ሆቴል ወዳለበት ሌላ ከተማ ሄደ። የዶክትሬቱን ቦታ ያን ማዕበል ያገኘው የክፍላችን ኃላፊ ወሰደው። ይህ አላናደደኝም ብል ውሸት ነው። ሐረጎን ስወጣና ስወርድ ሰማዩን ላለማየት ብዙ ጊዜ ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬያለሁ። አጥሩ ግን እዚያው ቀረ። ዘበኛውም አልተነሣም፤ ውስጡ ምንም የሌለውን ሜዳ ደመወዝ እየተከፈለው ይጠብቃል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሽማግሌዎቹን ልጠይቅ ወጣሁ። ከመግባቴ ዶፉ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ እጅግ ይጮህ ነበርና መነጋገር አልቻልንም፤ ሽማግሌው አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታየኛል እንጂ የሚሉት አይሰማኝም። ወለሉ ላይ ሳፋ የለም፣ ጀሪካን የለም። ሴትዮዋ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አልጋው ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ይመለከታሉ። ከዚያ በፊት ለእኔ አንድም ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። በእጃቸው ጠሩኝና ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አሉ።

«ዝናም እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። እስተዛሬ ዝም ብሎ ነበር እላዬ ላይ የሚመጣው።»

ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። በዚያ ሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ስቄያለሁ፤ ንዴት ያልነበረበት ሳቄ ግን ያ አንዱ ብቻ ነው።